ለሁለት ይከፈል

የካቲት 4 ቀን

ለእትዬ፣ ለባሌ ታላቅ እህት፣

ሰላምታዬ አስቀድሞ ወገብሽን ይጠይቅልኝ፤ ቀጥሎ ጉልበትሽን፤ የቀረውን አካላትሽን ደግሞ በየተራው። የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩሺ የምትውይበት እጅሽ አይዛል፤ ፈጣሪ ብርታቱን ያብዛልሽ። እኛ ቤት ሁሉም በሕይወት አለ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም፤ ወሬዬን ስትጨርሺ ይገባሻል።

የምጽፍልሽ ከፀጉር ቤቴ ነው። ደንበኛዬ ፀጉሯ እስኪደርቅ ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሃያ ደቂቃ አለኝ።

መንግሥት ገንዘብ ሊሰጠን ነው! አትሳቂ። ነዳጅ የተወደደ ጊዜ ሰዉ ሲጮህ ከረመና ባለፈው ሳምንት መኪና በድምፅ ማጉያ እየዞረ «ለየቤቱ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ድጎማ አለ፤ ተመዝገቡ» ብሎ ለፈፈ። ማን ጠበቀ? እኛ የጠበቅነው ዱላ ነበር።

ዱላውም አልቀረ። በሦስተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ አማቱን በወንበር ፈነከታቸው፤ እሱ ቤት ተጠግተው እየኖሩ «የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ» ብለው ቀድመውት ተመዝግበው። ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ባልመጣ ገንዘብ ተጣልታ በመቀስ ክንዱን ወጋችው። ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ በፎጣዬ። ጥሩ ፎጣ ነበር። ለምዝገባ የተሰለፍን ቀን ደግሞ ሰዉ ሲጋፋ ጥበቃው ዱላውን አወረደና የጫማ ሰፊው መንጋጋ ከቦታው ወጣ። ሰውየው በሁለት እጁ መልሶ አስገባውና ዝም ብሎ ተሰለፈ፤ ተራው እንዳያልፈው።

ወደ እኛ ልምጣ። መዝጋቢው የሚቆጥረው ሰው አይደለም፤ በር ነው። ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ በር፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ድጎማ። የእኛ ቤት በር አንድ ነው፤ ቁጥሩም በእማማ ስም ነው። ውስጡን ታውቂዋለሽ። በግራ እኔና ባሌ፣ በቀኝ ትንሹ ወንድማችሁ፣ መሃል ላይ እማማ ከነአልጋቸው፣ ከጀርባ ያቺ ያንቺ ክፍል።

ባሌ «አዲስ የብየዳ ማሽን እገዛበታለሁ» ይላል። ትንሹ «ላገባ ነው፤ ድርሻዬን» ይላል። ይባስ ብሎ መዝጋቢውን ጠይቆ መጥቷል፤ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሌላ በር ቢወጣለት ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ድጎማ ይሆናል አሉ። ባሌ ይህን ሲሰማ «ድጎማው የአንድ ቀን ነው፤ በሩ የዕድሜ ልክ! ቤቴን ልትቆርሰኝ ነው?» ብሎ የጋለ ኤሌክትሮድ ፊቱ ላይ ደቀነበት። ትንሹ አሁን አንድ ቅንድብ ነው ያለው። «ሚዶ፣ ሌላውንም ላጪልኝና እኩል ይሁን» አለኝ። ሳቅን። ግን እትዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላጬን ፀጉር ቤት ነው የማሳድረው።

እማማ «ታላቃቸው ትወስን» አሉ። ሁለቱም እሺ ብለዋል፤ ካንቺ ሌላ የሚፈሩት ሰው የለም። እና ምን እናድርግ? ቁርጡን ጻፊልን፣ ቶሎ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ሬሳ፣ አንዱ እስረኛ ሆነው ከእማማ ጋር ብቻዬን ያስቀሩኛል። የምፈራው እሱን ነው።

ካስኩ ጮኸ። ልሂድ።

ሚዶ

*

የካቲት 21 ቀን

ለወንድሜ ሚስት ለሚዶ፣

ደግ ይግጠምሽ፤ ቀኝሽ ይቅና። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ግራውን ቀስ ብለሽ፣ ያማታል።

የምጽፈው ምሳዬን በአንድ እጅ እየበላሁ ነው። ሰኞ ዕለት መተኮሻው ማሽን የአንዷን ባልደረባዬን እጅጌ ነክሶ ክንዷን እስከ ክርኗ ጎተተው። ቀሚሷን በመቀስ ቀደን አወጣናት እንጂ ጠቅልሎ ይወስዳት ነበር። ክንዷ ተልጧል። እስክትመለስ የሷም ሥራ የኔ ነው፤ ማሽኑንም ደሟን ጠርገን በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስነስተነዋል።

አባታችን ሲያካፍል አይተሽ አታውቂም። በቀበቶ ነበር የሚያካፍለው። አንድ ብርቱካን ለሦስታችን ያመጣ እንደሆነ ብርቱካኑን ከመቅመሳችን በፊት ሦስታችንም አልቅሰን እንጨርስ ነበር። ወንድሞቼ ሌላ አካፋፈል አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም። ግን ዕድሜያቸው ከቀበቶ አልፏል።

ቁርጡን ጻፊ ብላችኋል። ቁርጤ ይኸው። ለሁለት ይከፈል። እኩል። ማንም አይጨምር፣ ማንም አይቀንስ። ከዚህ በኋላ የሚሟገት ቢኖር «እህት የለኝም» ይበል። ያቺ የጀርባ ክፍሌ ግን እንዳትነካ፤ አንድ ቀን እመለስባታለሁ።

የዕረፍት ደወሉ ተደወለ።

ታላቃችሁ

*

መጋቢት 9 ቀን

ለእትዬ፣

ፈጣሪ ከማሽን ይሰውርሽ፤ የዚያችንም ባልደረባሽን ክንድ ይጠግንላት። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ ይቅርታ። በር ጣቶቼን ያዘኝና ሁለቱ ታስረዋል። ምንም አይደል።

እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነበር?

ደብዳቤሽ ሲደርስ ባሌ ለአንድ ሳምንት ሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር፤ የአንድ መጋዘን ጣሪያ ሊበይድ። ትንሹ የሚነዳውን አውቶቡስ ለተረኛ አስረክቦ ምሳ እየበላ ነው። «አምጪው እኔ ላንብበው፤ ያንቺ አነባበብ እማማን ያስተኛቸዋል» ብሎ ከእጄ ቀማኝ። ቆሞ አነበበው፣ እንደ ዜና። «ለሁለት ይከፈል። እኩል» የሚለው ላይ ሲደርስ ማንኪያውን ወረወረው።

«ሰማችሁ አይደል!»

«ገንዘቡን እኮ ነው» አልኩት።

«የቱን ገንዘብ? የመጣ ገንዘብ አይተሻል? ያልመጣ ነገር እንዴት አድርጎ ይከፈላል? ቤቱን ነው! ይኸው ስለ ክፍሏም ጽፋለች። የሷ ክፍል አይነካ፣ የቀረው ለሁለት ይከፈል። ምኑ ነው የከበደሽ?»

እማማን አየኋቸው። እማማ ጣሪያውን ትንሽ ተመልክተው «ልጄ ያለችው ይሁን» አሉ።

አለቀ። ትልቅ መዶሻ ተውሶ መጣና በቀኝ በኩል የመንገዱን ግድግዳ ይለው ጀመር። በአራተኛው ምት ፀሐይ ገባች። እማማ ከነአልጋቸው በልስን አቧራ ነጭ ሆነው «በርታ» ይሉታል። ከውስጥ ደግሞ መተላለፊያችንን በብሎኬት ደፈነው፤ እማማና ትንሹ በወዲያ፣ እኛ በወዲህ። በሩንስ ከየት አመጣው መሰለሽ? ባሌ ከሚሠራበት ጋራዥ! ባሌ ራሱ በይዶ ለሌላ ሰው ያዘጋጀውን የላሜራ በር ገዝቶ አስገጠመው። መዝጋቢው በሦስተኛው ቀን መጥቶ በላዩ ላይ ቁጥር ቀባበት። የድሮው ቁጥር የእማማ፣ አዲሱ የትንሹ፤ ሁለት ድጎማ።

ባሌ ቅዳሜ ጠዋት ተመለሰ። ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ወደ እናቱ ክፍል ሊገባ ከብሎኬት ጋር ተፋጠጠ። ወጣ፤ ዞረ፤ የገዛ እጁን በር አየ። ፌሮ ከግቢ አነሳ።

ትንሹ በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል ትከሻው ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ የደረቅ እንጨት ድምፅ ነው ያሰማው፤ እኔ ከውስጥ ሰምቼዋለሁ። ትንሹ በቀረው እጁ ስባሪ ብሎኬት አንስቶ ጉልበቱን አለው። ሁለቱም ወደቁ። ትንሹ ጆሮውን ነከሰው፣ ጫፏን ቆርጦ ተፋት። ባሌ አንገቱን ይዞ ጭንቅላቱን ከደረጃው ጋር ያጋጨዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ምስማር። መንገዱ በሰው ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ «ኧረ ገላግሉ!» ትላለች፣ እጇን አጣጥፋ ቆማ። የምይዘው ባጣ ለደንበኛ ያሞቅኩትን ባልዲ ውኃ ሁለቱ ላይ ደፋሁት። ያኔ ተላቀቁ፤ እኔን ሊሰድቡ።

አሁን ትንሹ ትከሻው ታሽጎ ውሎው ቤት ነው። ባሌ ጆሮውን አስሮ ከግድግዳው ወዲህ ይቀመጣል። ኤሌክትሮዶቹን ይቆጥራል። እትዬ፣ ሲሳደብ ይሻለኝ ነበር። ያልሽው ገንዘቡን ከሆነ ለይተሽ ጻፊልኝ።

ሚዶ

*

መጋቢት 27 ቀን

ለሚዶ፣ ለብቻሽ፣

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው። ለማንም አትስጪ።

ገንዘቡን! ገንዘቡን ነው ያልኩት እንጂ ቤቱን ማን አለ! የጠየቅሽኝ ስለ ድጎማው አልነበረም እንዴ? «ገንዘቡ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር? ምሳዬ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሌላ ምን። ክፍሌን ደግሞ እዚያው ጎን ሰንቅሬ! የወንድሜን ትከሻ ሰብሬ፣ የወንድሜን ጆሮ ቆርጬ ከዚህ ሆኜ አንሶላ እተኩሳለሁ። ሐሙስ ዕለት አንድ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ሌላ ነገር ልንገርሽ። «በር ያዘኝ» ብለሻል። እኔም አባቴን «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ብዬው ነበር። የቀኝ እጄን አንጓ የሰበረው ባልሽ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለቀሚስ ያጠራቀምኳትን አልሰጥህም ስላልኩት ከጠረጴዛ ጋር አድርጎ አጠፈው፤ ሲያጥፈው ፊቴን እያየ ነበር። ዝናብ መምጣቱን ዛሬም የማውቀው በአንጓዬ ነው። አንቺን ሊያገባ ነው ሲሉኝ ይህን ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። በዚያው ወረቀት ላይ ምርቃት ጻፍኩልሽ።

ደግሞ ይኸውልሽ። እዚህም መንግሥት ባልጠበቅነው ቀን ለየሰዉ ገንዘብ ሰጥቶ ነበር፣ አምና። አልነገርኳችሁም። ብነግራችሁ ለእሱም እንደምትሰለፉ አውቃለሁ። ለመመለሻዬ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

እናቴን ወደ ፀጉር ቤትሽ ውሰጃት፤ አንቺም ከዚያ ቤት ውጪ። ዛሬ። ምክንያት አትፈልጊ፤ ዝም ብለሽ ውጪ።

ታላቃችሁ

*

ሚያዝያ 6 ቀን

ለእትዬ፣

የዛሬው ሰላምታዬ አጭር ነው። እማማ በሕይወት አሉ፤ አስቀድሜ ይህን ልንገርሽ። መልስሽ አልደረሰኝም፤ ልጠብቀውም አልቻልኩም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ድጎማው ከመከፈሉ በፊት ተቆጣጣሪዎች በሮቹን እንደገና ሊቆጥሩ ይመጣሉ ተብሎ ተለፈፈ። ባሌ ምሳውን በልቶ ማሽኑን አወጣ፤ ገመዱን በመስኮት ዘረጋ። ሥራ መጥቶለት መሰለኝ። ፍንጣሪው ሲበር ከበስተቀኝ ነው። ወጥቼ ባይ የትንሹን በር ከነመቃኑ እየበየደው ነው፣ ዙሪያውን። እማማና ትንሹ ውስጥ ናቸው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«የተበየደ በር በር አይደለም። አይቆጠርም።»

«እናትህ ውስጥ ናቸው እኮ!»

«መውጣት ከፈለገ የገነባውን ብሎኬት ያፍርስ። እኔ ነኝ የከለከልኩት?» ጭንብሉን መልሶ አወረደው።

እትዬ፣ ትንሹ ትከሻው ስብር ነው። ማንኪያ እንኳ በግራው ነው የሚይዘው፤ እንኳን መዶሻ። ያንን ደግሞ ባሌ ከማንም በላይ ያውቃል።

ፍንጣሪው በበሩ ሥር ገብቶ መጋረጃውን ያዘ፤ ከመጋረጃው የትንሹ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ወረደ። ስፖንጅ ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥቁር ጭስ ነው፣ ጉሮሮ የሚዘጋ። ትንሹ በሩን በእግሩ ይደበድባል። እማማ መጀመሪያ ይጮሃሉ፣ ኋላ ይስላሉ፣ ኋላ ድምፃቸው ጠፋ።

መዶሻው በእኛ በኩል ተረስቶ ነበር። ብሎኬቱን ከወዲህ መታሁት። ጣቶቼ ገና አልዳኑም፤ በየምቱ እንደ አዲስ ይሰበራሉ። ስንት እንደመታሁ አላውቅም። አንዷ ብሎኬት ወደ ውስጥ ስትወድቅ ጭሱ ፊቴ ላይ ተፋ። ሌላ፣ ሌላ። ትንሹ እማማን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጥርሱና በአንድ እጁ እየጎተተ አመጣቸው። እሳቱን በጀርባው ነው የከለለላቸው። እሳቸውን ሳብኩ፤ እሱን ሳብኩ፤ የጀርባው ቆዳ እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ መዶሻውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ባሌ አሁንም እየበየደ ነው። በጭሱ መሃል፣ የታችኛውን ማጠፊያ። «አንቺ ምን አገባሽ?» አለኝ። ቀኝ እጁ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት።

ጣቶቼን በር አልነበረም የያዘኝ። ያን ቅዳሜ፣ ከድብድቡ በኋላ፣ ደብዳቤሽ መሬት ወድቆ ላነሳው ጎንበስ ስል በሥራ ጫማው ቆመበት። «የቆምኩት ደብዳቤው ላይ ነው» አለ። እጄ ከደብዳቤው በላይ ነበር። ተረከዙን አዞረው።

ፖሊስ መጥቶ ነበር። ባሌ «እሳቱ ከሻማ ነው» አለ። ትንሹ ጀርባው ተልጦ በሆዱ ተኝቶ «አዎ፣ ሻማ» አለ። እማማም «ሻማ ነው ልጆቼ» አሉ። በጠራራ ፀሐይ ሻማ! የኔን ቃል መርማሪው በወሩ መጨረሻ ይቀበላል። ሻማ ካልኩ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሱም አሁን ከሚያድርበት ጋራዥ እኔ ወዳለሁበት። ምን ልበል?

ሚዶ

*

ሚያዝያ 20 ቀን

ሚዶ፣

በፈጣኑ ፖስታ ነው የላክሁት። ያዳነሽ ፈጣሪ እጅሽን ይመልስልሽ።

ሻማ አልነበረም በይ። በሩን ማን እንደበየደው ተናገሪ፤ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቅ እንደነበር ተናገሪ፤ ጣቶችሽን አሳዪ። የመታሽውንም አትደብቂ፤ ጠይቀው ሳይደርሱበት አንቺው ንገሪያቸው። ካመነቱ የኔን አንጓ የሰበረበትን ቀን ጽፌ ፈርሜ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ስጪያቸው።

እናቴ ትቆጣሻለች። እኔን ከተቆጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ለምን እንደሄድኩ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

ታላቅሽ

*

ግንቦት 15 ቀን

ለእትዬ፣

ፖስታሽ ከቀጠሮዬ አንድ ቀን ቀድሞ ደረሰ፤ የመጋቢቱም ደብዳቤሽ ከእሳቱ በኋላ ደርሶኛል፣ ለማንም አልሰጠሁት። ፈጣሪ ቃልሽን ይባርክ፤ ጠላትሽን ዝም ያሰኝ።

ተናገርኩ። መርማሪው ሲጽፍ ምላሱን የሚያወጣ ሰውዬ ነው፤ ተማሪ ይመስላል። «እና ባልሽን በመዶሻ መታሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

«ለምን አንዴ?» እስቲ ምን ይባላል? «በቃ ማሽኑ ጠፋ» አልኩት። እሱንም ጻፈው። ያንቺን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ከፋይሉ ጋር አያያዘው። በማግስቱ ባሌን ከጋራዡ ወሰዱት፤ ቀኝ እጁ በጄሶ ስለነበር ካቴናውን በግራው ብቻ አጠለቁለት። ሰፈሩ «የገዛ ባሏን!» አለ። ከንፈር የመጠጡት በኔ ነው። ሁለት ደንበኞቼ ቀሩ፤ አምስት አዲስ መጡ። ወሬውን ከአፌ ለመስማት ነው፤ ይሁን፣ ፀጉር ይዘው ነው የሚመጡት።

ባለፈው ማክሰኞ ድጎማው ተከፈለ። ሁለቱም። ያ በር፣ ተበይዶም፣ ተቃጥሎም፣ ቁጥሩ ስላልጠፋ ተቆጥሯል። እማማ የራሳቸውን ተቀበሉ፤ ትንሹ የራሱን። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ገንዘብ እጃቸው ገባ፤ ምን አደረጉበት መሰለሽ?

ሁለቱን አንድ ላይ ደመሩት። የባሌ የዋስ ገንዘብ ልክ ያን ያህል ያወጣል፤ ከአንዱ ብቻ አይሞላም፣ ከሁለቱ ይሞላል። ትንሹ ጀርባው ገና ሸሚዝ አይችልም፤ አንሶላ ተከናንቦ እናቱን ደግፎ ሄደ። «አንተንስ ሊያቃጥልህ አልነበረም?» ስለው «ወንድሜ ነዋ» አለኝ፣ የአውቶቡስ መንገድ የጠየቅሁት ይመስል። «ደግሞ በሩን እኮ ዳር ዳሩን ነው የበየደው፤ አሳምሮ ቢበይደው አንወጣም ነበር።» የወጡት እኔ ባፈረስኩት ብሎኬት ነው እንጂ በበሩ አይደለም። ሳቀ። አዎ፣ እትዬ፣ ሳቀ።

እማማ ከመሄዳቸው በፊት ፀጉር ቤቴ መጡ። ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ በመስተዋቱ ውስጥ ነው ያዩኝ።

«አንቺ ሌላ ባል ታገኛለሽ። እኔ ሌላ ልጅ ከየት አመጣለሁ?»

«እማማ፣ ከዚያ ጭስ ማን ነው ያወጣዎት?»

«አልረሳሁትም» አሉ። የታሰረውን እጄን አንስተው ሳሙት፤ ቀስ ብለው፣ እንዳያመኝ። ከዚያ ተነስተው የልጃቸውን ዋስ ሊያስይዙ ሄዱ።

አልተቀየምኳቸውም። እኔም ብወልድ ይህንኑ ሳላደርግ አልቀርም። ግን እኔ የልጃቸው ሚስት እንጂ ልጃቸው አይደለሁም፤ ያንን ቀን ከመስተዋቱ ውስጥ በደንብ አየሁት።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይፈታል ተባለ። በሁለት ሰዓት፣ ሁሉም ፍርድ ቤት እያሉ፣ ጋሪ ተከራየሁ። መስተዋቱን፣ ካስኩን፣ ወንበሩን ጫንኩ። ያኔ እጇን አጣጥፋ የቆመችው ልብስ ሰፊ በዚህ ቀን እጇን ዘረጋች፤ መስተዋቱን በጨርቅ የጠቀለለችልኝ እሷ ናት። «የት ነው?» አላለችኝም። ያቺ ሴት ሳትጠይቅ ስትቀር የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ ነው። እዚህ ውስጥ አልጻፍኩትም። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን እኔው ነኝ የማነበው፣ ቁጭ ብዬ።

ሚዶ

*

ሰኔ 10 ቀን

ለእህቴ ለሚዶ፣

አዲሱ ደጅሽ የሰላም ይሁን፤ የሚገባበት ሰው ፀጉሩን እንጂ ጠቡን አያምጣ።

ፖስታሽን ቀድጄ አድራሻውን በመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ጀርባ ላይ ገለበጥኩት፤ ፖስታውን አቃጠልኩ። መንግሥት አምና የሰጠኝን፣ ለመመለሻ ያስቀመጥኩትን፣ ሙሉውን በስምሽ ልኬዋለሁ። በባንክ ነው፤ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ወደዚያ ክፍል የመመለስ ነገር ቀርቶብኛል። ለሐኪም ይሁን፣ ለኪራይ ይሁን፣ ለሁለተኛ ካስክ፣ አልነግርሽም። በዚህ ዓመት ካንድ ደብዳቤዬ ስንት ነገር እንደወጣ አይቻለሁ።

ለእናቴም ጽፌያለሁ። ለምን እንደሄድኩ ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ትንሹ ያነብላታል፤ እንደ ዜና።

ወንድሜ ጻፈልኝ። ባልሽ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ደብዳቤው ነው፤ በግራ እጁ የተጻፈ፣ ፊደሉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ። ጤናዬን ጠየቀ፣ ሥራዬን ጠየቀ፣ መረቀኝ፤ አባታችን ሲጽፍ እንደነበረው፣ ቃል በቃል። ከዚያ «ሚስቴ የት እንዳለች ታውቂያለሽ፤ ንገሪኝ። ይቅር ልላት ነው» ይላል። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጁ እንዴት እንደሆነ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «አላውቅም» የምትል አንዲት ቃል ጽፌ ላክሁለት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤው ትናንት መጣ። ከፊተኛው ይወፍራል። አልከፈትኩትም፤ የምከፍተውም አይመስለኝም። አንቺ ግን ጻፊ። ያንቺን ደብዳቤ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ነው የምቀደው፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ።

እህትሽ